ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሳታነቡ ኮሌጅ እንዳትመዘገቡ

አስራ ሁለተኛን ጨርሳችሁ ነጥብ ሳይመጣላችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ስራ ፍለጋ ሲቪ መበተን የሰለቻችሁ፣ አሁን ደግሞ «በቃ ልማር» ብላችሁ የተነሳችሁ ልጆች፣ ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ምዝገባ ሲቃረብ መገናኛና ሜክሲኮ ላይ በራሪ ወረቀት የሚያድሉት ሰዎች የሚፈልጉትም እናንተን ነው።

«ዕውቅና አለን» ይሏችኋል። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ዕውቅናው አለ። እናንተ ገንዘብ ለምትከፍሉበት ትምህርት ግን ላይሆን ይችላል።

የአክስቴ ልጅ የ2014 ተፈታኝ ነች። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሷም ከብዙሃኑ ጋር ቀረች። ካፌ ገብታ ትንሽ ሰራች፣ ካፌው በኮሪደር ልማት ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቤት ነው። አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየች፦ አካውንቲንግ ዲግሪ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ የመግቢያ ነጥብ አያሳስብዎ፣ ለስራ አጥ ወጣቶች ልዩ ቅናሽ። የዓመቱን አንድ ላይ ለከፈለ ተጨማሪ ቅናሽ አለው። እናቷ እቁብ ወጥቶላት ነበርና ሙሉውን በቴሌብር ከፈሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ልጅ ሶስት ዓመት ቤት ተቀምጣ «ልማር» ስትል ገንዘብ ያላት እናት እምቢ አትልም።

እኔ የገባሁበት ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ነው። አብሬያት ኮሌጁ ሄድኩ። ኮሌጅ ስል ግቢ እንዳይመስላችሁ። ታች ፋርማሲ፣ መሀል ላይ የወርቅ ቤት ያለበት ህንጻ ሶስተኛ ፎቅ ነው። እንግዳ መቀበያው ኋላ ላይ፣ በወርቃማ ፍሬም ውስጥ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ተሰቅሏል። ሁሉም ሰው ከሩቅ አይቶት ያልፋል። ማህተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ በቃ። እኔ ጠጋ ብዬ አነበብኩት።

የኮሌጁ ስም ትክክል ነው። የትምህርት መስኩ ማርኬቲንግ ማኔጅመንት ይላል። የአክስቴ ልጅ የተመዘገበችው አካውንቲንግ ነው። የትምህርት ፕሮግራሙ መደበኛ ይላል። እሷ የቅዳሜና እሁድ ነች። የካምፓሱ አድራሻ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል የፈቃዱ ማብቂያ ቀን አለ። ካለፈ ቆይቷል።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ሰራተኛ ጠየቅኳት። ጨዋ ልጅ ነች፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። «ጋሼ፣ እሱ የዋናው ግቢ ነው። የኛ በሂደት ላይ ነው» አለችኝ።

እዚች ጋ ቆም እንበል። «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ብዙ ኮሌጅ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ሂደት ማለት ፈቃድ የለም ማለት ነው። የዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ዕውቅናን በጅምላ ለኮሌጁ አይሰጥም። በየትምህርት መስኩ፣ በየደረጃው፣ በየካምፓሱ ነው የሚሰጠው፤ መደበኛ፣ የማታና የርቀት የሚባለውም ለየብቻው ነው። ማርኬቲንግ የተፈቀደለት አካውንቲንግ ማስተማር አይችልም። ቦሌ የተፈቀደለት ሰሚት ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ በዚያው ወረቀት መመዝገብ አይችልም። የአንዱን መኪና ቦሎ ሌላው መኪና ላይ ለጥፎ እንደመንዳት ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ ተማሪ መመዝገብም አይፈቀድም። ፈቃዱ በኋላ ቢመጣ እንኳን ከዚያ በፊት የተማራችሁት እንደሚያዝላችሁ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። ፈቃዱ ደግሞ ጊዜ አለው፣ ይታደሳል፣ ይሰረዛልም። ባለስልጣኑ የግል ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ ወድቀው የቀሩ፣ ጭራሽ ለምዝገባ ያልቀረቡም አሉ። ታዲያ የአምና ወረቀት ለዘንድሮ አይበቃም።

የሌቭል፣ ማለትም የቴክኒክና ሙያ ስልጠና ፈቃድ ይዘው ዲግሪ የሚሸጡም አሉ። የቴክኒክና ሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ወይም የከተማው አካል ነው፣ ሌላ ወረቀት ነው። «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው የምንሰራው» የሚሏችሁ ከሆነ ደግሞ እሱም እዚህ አገር ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል፣ እውቀቱ ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ የመውጫ ፈተናውስ? ከ2015 ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግስትም የግልም፣ የመውጫ ፈተናውን በ50 ከመቶ ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። ለፈተናው የሚያስመዘግባችሁ ተቋሙ ነው። ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም ስም ማንን ሊያስመዘግብ ነው? አራት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ተመላልሳችሁ፣ ስቱደንት ኮፒ ላይ ኤ እና ቢ ደርድራችሁ፣ በር ላይ ትቀራላችሁ። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2015 መጨረሻ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግስት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ግድም ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ለማንኛውም ኮሌጅ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፦ በዚህ ትምህርት ባለፈው ዙር ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ? ቁጥር የሚነግራችሁ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «ተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው» ካሏችሁ ግን ቻው በሉ። «መውጫ ፈተናውን እኛ እናሳልፋለን» ካሏችሁማ ሩጡ።

የመግቢያውም ነገር አለ። «ነጥብ አያሳስብዎ» የሚል ማስታወቂያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ለዲግሪ የመግቢያ መስፈርት የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ኮሌጁ አይደለም። ኮሌጁ አዝኖላችሁ ዝም ብሎ ቢቀበላችሁ፣ ነገ ማስረጃችሁ ሲጣራ ማንም አያዝንላችሁም። መስሪያ ቤቶች አሁን ማስረጃ ያጣራሉ። ተቀጥሮ ከሰራ በኋላ ወረቀቱ ተጣርቶ የተባረረ ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። «መልሱልን» ስንል ሬጅስትራሩ ደረሰኙን አዙሮ አሳየን። ጀርባው ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ «የዲግሪ ትምህርት ክፍያ» አይልም። «ለስልጠና አገልግሎት» ነው የሚለው። አያችሁ ብልጠቷን? ነገ ብትከሷቸው የሸጡላችሁ ስልጠና እንጂ ዲግሪ አይደለም። ማስታወቂያውን ግን የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ነበራት። ስክሪንሾት አነሳነው፣ የግድግዳውን ወረቀትም ፎቶ አነሳሁ።

ጩኸት አላዋጣንም። ያዋጣን ማመልከቻ ነው። አንድ ገጽ ጻፍን፦ ምን እንደተባልን፣ ምን እንደከፈልን፣ ፈቃዱ ላይ ምን እንደተጻፈ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ 813/2006ን ጠቀስን፤ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ከስር «ግልባጭ» ብለን ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣንንና ንግድ ቢሮን ጻፍን። በሁለት ኮፒ አስገብተን አንዱ ላይ ገቢ ማህተም አስመታን። «ግልባጭ» የሚለውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከብዙ መመላለስ በኋላ የመመዝገቢያውን አስቀርተው የትምህርቱን ክፍያ መለሱ። ሁሉም ሰው ይሳካለታል አልልም። አብረዋት ከተመዘገቡት ውስጥ እስካሁን የሚመላለሱ አሉ፣ «ዘንድሮ ፈቃዱ ይመጣል» ብለው እየተማሩ ያሉም አሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት የባለስልጣኑን ድረ ገጽ ክፈቱ። ካልሆነም በአካል ሂዱና የኮሌጁን ስም፣ ካምፓሱንና የትምህርት መስኩን ነግራችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን ትርፋችሁ እንጂ ኪሳራችሁ አይደለም። የዓመት ክፍያ በአንዴ አትክፈሉ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢያጓጓ። በሰው የግል ቴሌብር አትክፈሉ።

አካውንቲንግ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የማትሉ ከሆነ ደግሞ እንጦጦ፣ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት የመሳሰሉትን የመንግስት ፖሊ ቴክኒኮች ሄዳችሁ እዩ። የሌቭል ስልጠና ወስዳችሁ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ካለፋችሁ እጃችሁ ላይ ሙያ አለ። ሲኦሲ የሌለው የሌቭል ወረቀት ግን ብዙ ቦታ አያስኬድም። አስራ ሁለተኛን በግል ተፈታኝነት ደግሞ መፈተንም ይቻላል፤ የአክስቴ ልጅ የመረጠችው ይሄን ነው። ቤት ሆና የምታነብ፣ ስልክ ያላት ልጅ ምዝገባው ክፍት ከሆነ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጠውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኮርስ ጎን ለጎን ብትሞክርም ምንም አታጣም።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። ሬጅስትራር «ኦሪጅናል ማስረጃሽን አስቀምጪ» ካላችሁ እንዳትሰጡ። አሳይታችሁ፣ ከኮፒው ጋር አመሳክረው፣ እዚያው ተቀብላችሁ ውጡ። የአክስቴ ልጅ ገንዘቧን ካስመለሰች በኋላም የአስራ ሁለተኛ ካርዷን ለመቀበል «ክሊራንስ ጨርሺ» ተብላ ነበር። አንድ ቀን ተምራበት ለማታውቅ ኮሌጅ፣ የላይብረሪ ኃላፊ ፊርማ ፍለጋ ላይብረሪ ወደሌለው ፎቅ ወጥታ ወርዳለች።