አራት ዓመት አፕዴት ያገኛል አሉኝ

ካሜራው አንጀት ያርሳል። ባትሪው መብራት ጠፍቶ በሚውልባቸው ቀናት እንኳ አላሳፈረኝም። ስክሪኑ ስንቴ ወድቆ ጭረት እንጂ ስንጥቅ የለበትም። ስልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንደ ዕቃ ከታየ እንከን አላወጣለትም። ይህን ካልኩ የማመስገን ግዴታዬን ተወጥቻለሁ። የቀረው ሁሉ ስሞታ ነው፤ ስሞታዬም ስለ አፕዴት ነው።

ስገዛው ሁለት ስልክ በእጄ ይዤ እያወላወልኩ ነበር። አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ወደድ ያለ። ሻጩ ልጅ ካሜራ አላለ፣ ራም አላለ። «ወንድሜ፣ ያኛው አፕዴት አያገኝም፤ ይሄ አራት ዓመት ያገኛል» አለኝ፤ በቃ ተሸነፍኩ። አፕዴት የማያገኝ ስልክ መጨረሻው ምን እንደሆነ በፊተኛው ስልኬ አይቻለሁ። መጀመሪያ የባንኩ አፕ «ይህ ስልክ አይሆንም» ይላል። ቀጥሎ ዋትስአፕ የድሮ አንድሮይዶችን ሲተው አብሮ ይተወዋል። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ሥራ ፈት ይሆናል። ስለዚህ ጨመር አድርጌ ወደዱን ገዛሁ። ደብረ ብርሃን ላሉት አባቴም ያንኑ ደገምኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ልጁን እያመሰገንኩ ኖርኩ። ከዚያ ትልቁ አፕዴት መጣ።

ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ተኛሁ፤ ቤት ዋይፋይ አለ። ጠዋት ሳነሳው ሌላ ስልክ ነው። የአይኮኖቹ ቅርጽ ተለውጧል፤ ይለወጥ። ሰዓቱ ከመሃል ወደ ጥግ ሄዷል፤ ይሂድ። መቆለፊያው ስክሪን ላይ የነበረው የልጄ ፎቶ ግን የለም። በምትኩ የማላውቀው ባሕር ዳርቻ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ «መታየት ያለባቸው አሥር ቦታዎች» የሚል ርዕስ ተጽፏል። ስልኩን ባጠፋሁና ባበራሁ ቁጥር ፎቶው ይቀየራል። አንዴ መኪና፣ አንዴ ክሪኬት፣ አንዴ የፊት ቅባት። ጣቴ ሳት ብሎ ከነካው ብሮውዘር ከፍቶ ማስታወቂያ ውስጥ ይከተኛል።

ይሄ ሁሉ ፎቶ ከየት ይመጣል? ከእኔ ፓኬጅ። ነገሩ የገባኝ ወሩን ሙሉ ያደርሰኝ የነበረው ፓኬጅ በመንገድ ሲያልቅብኝ ነው። ሴቲንግ ገብቼ የትኛው አፕ ስንት እንደበላ አየሁ። አንደኛ ዩቲዩብ፣ ሁለተኛ ቴሌግራም፤ እነሱስ ይብሉ። ሦስተኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ እኔ ያልጫንኩት አፕ ነው። ነካሁት። «አንኢንስቶል» የሚባል ነገር የለም። «ዲስኤብል» የሚለው አለ፤ ግን ደብዝዟል፣ ቢጫኑት አይሰማም።

«ማጥፋት ይቻላል እኮ!» ይለኛል ሻጩ በሐሳቤ። አዎ፣ ይቻላል። ማጥፊያው ግን መቆለፊያ ስክሪን በሚለው ውስጥ የለም። ፕራይቬሲ በሚለውም ውስጥ የለም። ዎልፔፐር ገብታችሁ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ፣ ተጨማሪ አገልግሎት የሚለውን ስትከፍቱ ሌላ ስም ይዞ ተቀምጧል። አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዲት ትንሽ አፕዴት መጣችና መልሳ አበራችው። እስቲ ይሄንን ምን ትለዋለህ፣ ወንድሜ?

የአባቴ ደግሞ ይብሳል።

አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስማርት ስልክ የለመዱት በስንት ትዕግሥት ነው፤ እያንዳንዷን ነገር ደብተር ላይ እየጻፉ። «ሲጠራ፦ አረንጓዴዋን ወደ ላይ መግፋት» ብለው የጻፉትን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ከአፕዴቱ በኋላ አረንጓዴዋ ወደ ላይ አትገፋም። መሃል ላይ አንዲት ክብ ነገር መጥታለች፤ ወደ ቀኝ ስትሳብ ታነሳለች፣ ወደ ግራ ስትሳብ ትዘጋለች። እሳቸው በደብተራቸው መሠረት ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ወይ ፍንክች። ጫን ያደርጓታል፤ ወይ ፍንክች። ሲጨንቃቸው አውራ ጣታቸውን ወዲያ ወዲህ ያሹታል፤ ጥሪው ይዘጋል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ምን አስቀየምኳቸው እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

በመጨረሻ በጎረቤት ስልክ አገኘኋቸው።

«ይጮኻል፤ አልነሳ ይለኛል» አሉኝ።

«አባዬ፣ ወደ ጎን ይሳቡት።»

«ወደ የትኛው ጎን?»

«ወደ ቀኝ።»

ዝም አሉ። የደብተር ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። «ወደ ላይ ነበር እኮ። ማን ለወጠው? አንተ ነህ?»

እኔ አይደለሁም። የሆነ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ወደ ጎን መሳብ ይሻላል ብሎ ወስኗል። ምክንያት አያጣም፤ ምናልባት ኪስ ውስጥ ሳይታሰብ የሚነሱ ጥሪዎችን ለመቀነስ ይሆናል። ውሳኔው ግን በአንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ደርሶ በቀይ የተሰመረበትን መስመር ከንቱ አደረገው። አባቴ ሲማቸውን ወደ ድሮዋ ባለ በተን ስልክ መልሰዋል። ስማርቱ መዝሙር ማድመጫ ሆኗል። ያን ያህል ብር ለመዝሙር ማድመጫ!

ስልክ ገዛሁ ብዬ ነበር። ለካ ከነአከራዩ ነው የገዛሁት፤ እኔ ስተኛ በራሱ ቁልፍ ገብቶ ዕቃ የሚያዛውር አከራይ።

ነገሩ የእኔ ስልክ ብቻ ችግር ቢሆን በሆዴ በያዝኩት። ግን ትልልቆቹም ያደረጉት ነው። በ2017 መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ። ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። እውነት አለው፤ ያረጀ ባትሪ ብዙ ጉልበት በአንዴ ሲጠየቅ ስልኩ ድርግም ይላል። ግን ለባለቤቱ ማን ነገረው? ሰው ስልኬ ሞተ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ባትሪ መቀየር ብቻ ሲበቃው። ኩባንያው የባትሪ ቅያሬውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተነሳበትን ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ።

ጣሊያኖቹ ከዚያ በፊት ቀድመው በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥተዋል። የቅጣቱን ምክንያት ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ፦ ስልኩ የማይችለውን አፕዴት ሰው እንዲጭን ገፋፉ፣ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ግን አልሰጡም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጎግል ፒክስል 4ኤ ለሚባለው ስልኩ በራሱ የሚጫን አፕዴት ላከ፤ የአንዳንዶቹ ስልኮች ባትሪ የመያዝ አቅሙ ቀነሰ። ጎግል ይህን አልደበቀም፤ ነጻ የባትሪ ቅያሬ ወይም ገንዘብ ምረጡ ብሏል። አፕዴቱን ግን ይጫን አይጫን ብሎ የጠየቀ የለም።

አሁን ደግሞ ፉክክሩ በዓመት ብዛት ሆኗል። ጎግል በ2023 ከፒክስል 8 ጋር ሰባት ዓመት አፕዴት እሰጣለሁ አለ። ሳምሰንግ በ2024 በጋላክሲ ኤስ24 ተከተለ። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁን 2025 ጀምሮ አንድ ሞዴል ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አፕዴት እንዳይቋረጥበት ደንግጓል። ጥሩ ነገር ነው፤ ስልክ ቶሎ እንዳይጣል ያደርጋል። እኔ ግን ሰባት ዓመት የሚለውን ስሰማ አባቴ ስንት ደብተር ሊጨርሱ ነው እላለሁ።

«ታዲያ አታድሰዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። አይሆንም። አፕዴት ውስጥ ሁለት ነገር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። አንዱ የደኅንነት ጥገና ነው፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ይህን መዝለል እብደት ነው። ሌላው መልክ መቀባባት፣ ቁልፍ ማዛወር፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። የመጀመሪያውን አምጡ፤ ሁለተኛውን ተዉልኝ። አይለያይም የሚል ካለ ይለያያል። ጎግል በኦገስት 2015 የአንድሮይድን የደኅንነት ጥገና በየወሩ ማውጣት ጀመረ። አፕልም በአይፎን ሶፍትዌሩ፣ በአይኦኤስ 16፣ የደኅንነት ጥገናን ለብቻው መላክ ጀምሮ ነበር፤ ያውም ባለቤቱ ካልተመቸው መልሶ ማንሳት ይችል ነበር። ስለዚህ ማሽኑ እምቢ አላለም። የማይፈልገው ማስታወቂያውን ብቻውን ቢልክ ማንም እንደማይጭንለት የሚያውቀው ሰው ነው።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በራሱ መጫኑን ለማስቆም «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚባል የተደበቀ ክፍል አለ። እዚያ ለመግባት «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ መንካት ነው። ስትጨርሱ «አሁን ዴቨሎፐር ሆነዋል!» ብሎ እንኳን ደስ ያለዎት ይላችኋል። ሆንኩ። አፕዴቱን አጠፋሁት። ደስ ብሎኝ ሒሳብ ልከፍል የባንክ አፔን ስከፍት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ በርቷልና አልከፍትም አለኝ። እሱን ሳጠፋ አፕዴቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንግዲህ አከራዩን ላስወጣ ወይስ የቤት ኪራይ ልክፈል?

መገናኛ ያለ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወስጄም ነበር። «ወደ ድሮው መልስልኝ» አልኩት። ከኬብል ጋር አገናኝቶ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሞዴል ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቆልፈውታል። በግድ ፍላሽ ባደርገው፣ የድሮውን ሶፍትዌር ብጭንበት፣ ዴድ ይሆናል፤ ተወው» አለኝ። ብር አልተቀበለኝም። ሐዘኔታ መሆኑ ነው።

ሽጦ ሌላ መግዛትስ? የገዛሁት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ነው፤ የብር ተመን ለገበያ ሳይለቀቅ። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መቶውን አልፎ ሄደ። ዛሬ ያንኑ ስልክ አዲሱን ልግዛ ብል ዋጋውን ጠይቄ ነው የምመለሰው። ስለዚህ አብረን እንኖራለን።

ተጸጽቻለሁ ወይ? እንደ ቀኑ ነው። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ያነሳኋትን ፎቶ ያየ ሁሉ «ይሄ የምን ስልክ ነው?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ስሙን ተናግሬያለሁ። ያን ቀን ብትጠይቁኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ከባንኩ አፕ ጋር ተጣልቼ ነው የምጽፈው። ዛሬ አትግዙት።

መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ሱቅ ያለውን አዲሱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ እሱ ገና ምንም አልደረሰበትም። ያንን ሞዴል ዓመት የያዘ ሰው ፈልጉ። ስልኩን ተቀብላችሁ አብሩት፤ መቆለፊያው ላይ የሚመጣው የልጁ ፎቶ ነው ወይስ የፊት ቅባት? ከዚያ ደውሉለትና ሲያነሳ ጣቱን እዩ። የፊት ቅባቱ ከመጣ ደግሞ ማጥፊያው የት እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ካላወቀ ዎልፔፐር ገብቶ ወደ ታች ይውረድ በሉት።