ከጣት ደም የሚሠራው የኮቪድ አንቲቦዲ ምርመራ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

እኔና የእህቴ ባል ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮቪድ አንቲቦዲ ምርመራ አሠርተን ነበር። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል በደም ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ወረፋውም አያሰለችም። ቅሬታዬ በኪቱና በውጤት አሰጣጡ ላይ ነው።

ኪቱ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ካሴት ናት። ጣትህን ይወጉህና አንዲት ጠብታ ደም ቀዳዳዋ ውስጥ ያደርጋሉ፣ ፈሳሽ ጠብ ያደርጉባታል፣ ደሙም ወረቀቷን እያቀላ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትጠብቃለህ። ሲ ከሚለው ፊደል ጎን መስመር ከወጣ ኪቱ ሠርቷል። አይጂኤም ወይም አይጂጂ ከሚባሉት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ጎን ከወጣ ደግሞ አንቲቦዲ አለህ ይሉሃል። የእህቴ ባል መስመር ግን እጅግ የደበዘዘች ነበረች፤ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲያይዋት አንደኛው ባለሙያ አለች አለ፣ ሌላዋ የለችም አለች፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" ተጻፈ። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ሰውየው መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ከርሞ የመጣ ነው። እዚያ ወባ ታሞ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። አፍሪካ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች ግን ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ተቀምጦ የነበረ የወባ ሕመምተኞች ደም እንኳ በአንዳንድ የኮቪድ አንቲቦዲ ምርመራዎች ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ መተማና ደምቢያ ወባ በሚበዛበት ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ደግሞ አስትራዜኔካ ተከትቤያለሁ። የእኔም አይጂጂ ፖዘቲቭ ሆነ። ከክትባቱ ነው ወይስ ሳላውቀው ታምሜ? ይህ የሚለየው ኪቱ የሚፈልገው የትኛውን የቫይረሱን ክፍል እንደሆነ ሲታወቅ ነው። አስትራዜኔካና ጆንሰን ለሰውነታችን የሚያሳዩት ስፓይክ የሚባለውን የውጭውን ፕሮቲን ብቻ ነው። ስለዚህ ኑክሊዮካፕሲድ ለሚባለው ለውስጠኛው ፕሮቲን የተሠራ አንቲቦዲ እኔ ላይ ከተገኘ ቫይረሱ ራሱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሲኖፋርም የወሰደ ሰው ላይ ይህ አይሠራም፣ ክትባቱ የተገደለው ሙሉ ቫይረስ ስለሆነ ሁለቱንም ያመጣል። ኪቱ የቱን እንደሚያይ ስጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም።

"95 በመቶ ትክክል ነው" ሲሏችሁም ቶሎ አትርኩ። ከ100 ሰው 5ቱ ብቻ የተያዙበት ቦታ እንውሰድ። ኪቱ አምስቱንም አገኘ እንበል። ካልተያዙት 95 ሰዎች 5 በመቶውን ከተሳሳተ እነሱም ወደ 5 ይጠጋሉ። ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሾቹ በሽታው ነክቷቸው አያውቅም ማለት ነው! አሁን ብዙ ሰው ስለተያዘ ስሌቱ ይሻሻላል፣ ቢሆንም የአንድ ኪት ቃል ብቻውን አይበቃም። ኤችአይቪ ላይ እኮ አንድ ኪት ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ለሰው አይነገርም፣ በሌላ ዓይነት ኪት ይረጋገጣል። እዚህስ ለምን አይደረግም?

አማራጭ ካገኛችሁ ከክንድ ደም ተቀድቶ በማሽን የሚሠራውን ምረጡ፤ ኤላይዛ ወይም እንደ ሮሽ ኤሌክሲስ ያለ። ውጤቱ በቁጥር ስለሚወጣ በደበዘዘ መስመር መከራከር የለም። ኤሌክሲስ ኑክሊዮካፕሲድን የሚያይም ስፓይክን የሚለካም አለው፣ የቱ እንደተሠራላችሁ ጠይቁ። አሁን ሳል ይዟችሁ ከሆነ ግን አንቲቦዲ አይጠቅማችሁም፣ በደም ውስጥ እስኪታይ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ለዚያ የአፍንጫ ናሙና ነው።

የእህቴ ባል ያችን ወረቀት ይዞ "እኔማ አሁን አልያዝም" እያለ ነው፣ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ክሊኒኩ ቢያንስ የኪቱን ስም፣ የሚያየውን ፕሮቲንና "ይህ ከበሽታ መጠበቅን አያረጋግጥም" የሚል አንድ መስመር ውጤቱ ላይ ይጻፍ። ለመስተንግዶው ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለምርመራው 2።