በ620 ሺህ ብር የገዛሁትን ቤት «ብድርሽን ውሰጂ» ብለው በ180 ሺህ ነጠቁኝ

ገና ከሦስት ቀን በፊት የሆነ ነገር ስለሆነ ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ዳር ዳሩን በገበሬ ውል፣ ማለትም ካርታ በሌለው የእርሻ መሬት ላይ ያለ ቤት ልትገዙ የምትዞሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ደላላውን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት አባይ ማዶ ቡና የሚጠጣ፣ «እህቴ» ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። መጀመሪያ ካርታ ያላቸውን ቤቶች ያሳያችሁና ዋጋው ወገባችሁን ሲቆርጠው ዝም ብሎ ያያችኋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በውል የሚሸጥ አንድ አለ፣ ግን ዛሬውኑ ነው» ይላል። አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ «ቦታው በየወሩ እየጨመረ ነው፣ ነገ አታገኝውም» የሚል ጨምሯል። ለእኔም ይህንኑ ነው ያለኝ።

እኔ መምህርት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተባረርሁ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ለዚህ ቤት የዕቁቤን ብር አወጣሁ፤ ከመምህራን ብድርና ቁጠባ ተበደርሁ፤ ቡሬ ያለችው እናቴ ጥንድ በሬዋንና የዓመት በርበሬዋን ሸጣ ሰጠችኝ። በሬዎቹን ሳስብ ነው እንባዬ የሚመጣው።

ውሉ የተጻፈው በ2017 ታኅሣሥ፣ በደላላው ጓደኛ ጠላ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። «የእርሻ መሬት ስለማይሸጥ የብድር ውል ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህ ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የገዛው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ጎረቤቶቼም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የገዙት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን 180 ሺህ ብር ነበር። «ለምን 620 አይጻፍም?» ስል «ገበሬ ይህን ሁሉ ብር ተበድሮ ምን አደረገው ተብሎ ይጠረጠራል፤ በባንክም 180ውን ብቻ አስገቢ» አለኝ። ቀሪውን 440 ሺህ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቆራረጥሁ ቤቱን በሸጡልኝ ገበሬ፣ በሽማግሌው እጅ ቆጠርሁ። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም።

«ገንዘቡን እስክመልስላት ድረስ ቤቱን ይዛ ትኖራለች» የሚል መስመርም ነበረበት። አንብቤዋለሁ። ልጆች አንብበው እንዲረዱ የማስተምር ሰው ያንን መስመር በዓይኔ አይቼ ፈረምሁ። ቅር ሲለኝ ሽማግሌው ራሴን ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ እኔ የቆረብሁ ሰው ነኝ፤ ያንቺን ወስጄ የት እገባለሁ?» አሉኝ። በቁርባን የተማለልኝን እንዴት ልጠራጠር?

ከአንድ ዓመት በላይ ኖርሁበት። መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ ጠልፌ፣ ውኃ ከጉድጓድ ቀድቼ፣ በክረምት ጭቃውን በቦቲ ተሻግሬ። አጥሩን አጠርሁ፣ ወለሉን ሊሾ አስደረግሁ፣ ዕድር ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው፤ ደላላውና ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ከኋላ ቆመዋል። ለበዓል የመጡ መስሎኝ ሮጬ አግዳሚ አወጣሁ፣ ጠላም ቀዳሁ። ጠላዬን አልነኩትም። ሰውየው ጥቁር ፌስታል ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡና «ብድርሽን ውሰጂ። 180 ሺህ ነው፤ ቁጠሪው» አሉኝ። አልገባኝም። «የምን ብድር ነው፣ አባቴ?» አልሁ። «አባትሽ አይደለሁም። ተበደርሁ፣ መለስሁ። ቤቴን ልቀቂልኝ» አሉ። ያኔ ወደ ደላላው ዞርሁ። ያን 440 ሺህ ብር ስቆጥር አጠገቤ ቁጭ ብሎ በመቶ በመቶ እያሰረ የደረደረው እሱ ነው። ዓይኔን እያየ ለሽማግሌዎቹ «እኔ የማውቀው ብድሩን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው» አላቸው። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። ለያዥ ለገራዥ አስቸግሬ ስጮህ አንደኛው ሽማግሌ «አንቺ ሴትዮ፣ የተማርሽ አይደለሽም እንዴ? በፈረምሽው ምን ያስጮህሻል?» አሉኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ሰኞ ጠበቃ ዘንድ ሄድሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ «ሽያጭ ነበር» ብዬ ብከራከር እንኳ ሽያጩ ፈራሽ ነው፤ የከፈልሁትን አስመልሱልኝ ለማለት ደግሞ ወረቀቱም ባንኩም የሚመሰክሩት ለ180ው ብቻ ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ እንደማይጸናም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 አሳየኝ። የእኛ ውል የተደረገው ጠላ ቤት ጓዳ ነው። ክሱን ግን አልተውም፤ በሬዎቹ የእናቴ ናቸው።

ካርታ የሌለው ቤት አትግዙ። ካርታ አለ ካሏችሁም ኮፒውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ዕዳና እገዳ መኖሩን ራሳችሁ አጣሩ። ከከፈላችሁት ያነሰ ብር የተጻፈበት ወረቀት ላይ ማንም ቢምልላችሁ አትፈርሙ።

ትናንት ማታ ጎረቤቴ ነርሷ ደውላልኝ ነበር። ደላላው ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ይዞ ግቢዬን ሲያስጎበኝ አይታዋለች። በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ከጓዳው በስተኋላ ሦስት የማንጎ ችግኝ አለ። ያንን ቤት እያያችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ችግኞቹን የተከልኋቸው እኔ ነኝ፤ ነርሷን ጠይቋት፣ ሁሉንም ትነግራችኋለች።