የቀድሞ የካውንስል ቤት፦ ፍሪሆልዱን መግዛት ወይስ ሊዙን ማራዘም?

በአማርኛ «ቤት ገዛሁ» ስንል ግቢ ያለውም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውም ያው ቤት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ግን ለየብቻ ያያቸዋል። ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የወጣ ቤት የምትገዙ ወይም ገዝታችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ምርጫችሁ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከላዩም ከሥሩም የሌላ ሰው ክፍል የሌለበት ራሱን የቻለ ቤት ከሆነ፣ ካውንስሉ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬቱ ጋር በፍሪሆልድ፣ ማለትም ለዘለቄታው፣ ሸጦታል። በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት ብቻ፣ የተሸጠ ካጋጠማችሁ ደግሞ የ1967ቱ ሕግ ፍሪሆልዱን ለብቻችሁ እንድትገዙ መብት ይሰጣችኋል። አቅሙ ካለ ይህ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ግዙት።

ሊዝ ሲባል የአዲስ አበባው ትዝ የሚለው ሰው አለ። እዚያ መሬቱን ከመንግሥት ላይ መግዛት አይታሰብም። እዚህ ግን መስፈርቱን ካሟላችሁ ባለመሬቱ ባይፈልግም ሕግ ያስገድደዋል።

ከባዱ ፍላት፣ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለው ቤት፣ ነው። በራይት ቱ ባይ (የካውንስል ተከራይ የሚኖርበትን ቤት እንዲገዛ በሚፈቅደው መብት) የተሸጡ ፍላቶች በተለምዶ የ125 ዓመት ሊዝና በዓመት ከ10 ፓውንድ የማይበልጥ ግራውንድ ሬንት (የመሬት ኪራይ) አላቸው። 125 ዓመት የማያልቅ ይመስላል፤ ሆኖም በ1983 የተጀመረ ሊዝ በ2028 የሚቀረው 80 ዓመት ነው። በዚያ ላይ ካውንስሉ በሕንፃው ውስጥ መጀመሪያ የሸጠው ፍላት ሊዝ በሚያበቃበት ቀን የሌሎቹም እንዲያበቃ ማድረግ ይችላል። ሻጩ «በ2005 ነው ከካውንስል የገዛሁት» ቢላችሁ ከመቶ በላይ ዓመት አለው ብላችሁ አትደምድሙ። ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት የሊዙን ቅጂ ከላንድ ሬጂስትሪ (ከመሬት መዝገብ ቤት) አውጡና የቀረውን ዓመት ቁጠሩ። ከ80 በታች ከወረደ ማሪጅ ቫልዩ የሚሉት ይጨመራል፤ ማራዘሙ ለቤቱ ከሚያመጣው የዋጋ ጭማሪ ግማሹን ለባለመሬቱ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

ሊዝ ማራዘም የብቻ ሥራ ነው። በ1993ቱ ሕግ በቀረው ላይ 90 ዓመት ይጨመራል፤ 84 የነበረው 174 ይሆናል፤ ግራውንድ ሬንቱም ይቀራል። ካውንስሉ ግን ባለመሬትነቱን አይለቅም። ጣሪያ ቢቀይር ድርሻችሁን ይልክላችኋል። ለአንድ ሥራ ከ250 ፓውንድ በላይ ሊያስከፍላችሁ ካሰበ አስቀድሞ ሊያማክራችሁ ይገባል፤ ማማከር ግን ማስፈቀድ አይደለም።

የሕንፃውን ፍሪሆልድ መግዛት ግን ጎረቤት ይጠይቃል። ከሕንፃው ፍላቶች ሁለት ሦስተኛው በረጅም ሊዝ የተሸጡ መሆን አለባቸው፤ ከጠቅላላው ደግሞ ቢያንስ የግማሹ ባለቤቶች አብረው መግባት አለባቸው። ስድስት ፍላት ካለ አራቱ የተሸጡ፣ ሦስቱ የሚሳተፉ ማለት ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ሁለቱም መስማማት ግድ ነው። የካውንስል ተከራዮች ያሉባቸው ፍላቶች በሊዝ ተመልሰው ለካውንስሉ ይሰጣሉ፤ ተከራይ አይነካም። ከዚያ በኋላ ጣሪያውም፣ ኢንሹራንሱም፣ የእሳት ደኅንነቱም የእናንተ ኃላፊነት ነው። ሠራተኛውን የምትመርጡት፣ ዋጋውን የምትከራከሩት ግን እናንተ ናችሁ። አራት አባወራ ተስማምቶ በሚኖርበት ትንሽ ሕንፃ ይህን እመርጣለሁ። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ በሆነበት ረጅም ፎቅ ግን መስፈርቱም አይሞላም፤ ሊዛችሁን አራዝሙ።

በሁለቱም መንገድ ከራሳችሁ ሶሊሲተር (ጠበቃ) እና ሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች) ሌላ የካውንስሉንም ተገቢ የጠበቃና የግምት ወጪ ትከፍላላችሁ። በዋጋ ካልተስማማችሁ ትሪቡናል የሚባለው ልዩ ፍርድ ቤት ይወስናል። ካውንስሉ መልስ በሰጠ በ6 ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ ግን ጥያቄያችሁ እንደተተወ ይቆጠራል፤ አዲስ ለማቅረብም አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።

ድሮ ሊዝ ለማራዘም ከገዙ በኋላ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነበር፤ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። የ2024ቱ ሕግ የ990 ዓመት ማራዘሚያ ይፈቅዳል፣ ማሪጅ ቫልዩንም ያስቀራል፤ ይህ ሲጻፍ ግን እነዚህ ሁለቱ ሥራ ላይ አልዋሉም። ከ80 በታች ወርዳችሁ የመሸጥም ሆነ ሞርጌጅ የማደስ ሐሳብ ከሌላችሁ መጠበቁ ያዋጣ ይሆናል። 81 ወይም 82 የቀረው ሰው ግን ሕጉን እየጠበቀ መስመሩን እንዳያልፍ እሰጋለሁ፤ ዛሬውኑ ሰርቬየር ጋ ይደውል።