ስምንት ወር ከቢራ መጥመቂያ ባልዲዬ ጋር

ጳጉሜን ላይ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን አስረከበኝ። ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ የሚሆን ሙሉ ዕቃ ነበር። መስከረም ላይ ጀመርኩ፤ አሁን ግንቦት ነው። በዚህ መሀል 9 ጊዜ ጠምቄያለሁ። 5ቱ ጥሩ ወጥተዋል። 1 እንደነገሩ ነበር። 2ቱን ደፍቻለሁ። 1 ገና ባልዲው ውስጥ ነው። ጅማ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ለማስመጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከወራት በኋላ የታየኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን። ባለ 30 ሊትር ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ አለ። ክዳኑ ላይ ኤርሎክ ይሰካል። ኤርሎክ ውሃ የሚጨመርበት ትንሽ ቱቦ ነው፤ ጋዙን ያስወጣል፣ የውጭ አየር ግን አያስገባም። ባልዲው ታች በኩል ቧንቧ ተገጥሞለታል። የስኳሩን መጠን የሚለካ ሃይድሮሜትር፣ ባልዲው ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር፣ ቆርኪ መግጠሚያና 100 ቆርኪም አለው። ከዚያ ደግሞ 1.7 ኪሎ የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ፣ ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ የሚባለው አበባ አብሮት የገባ፣ እና አንድ ፓኮ እርሾ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት። ባልዲውን አገላብጣ አየችው። ኤርሎኩ ምን እንደሚሠራ ስነግራት፣ «ምርጊት ነው በለኛ» አለች። እውነቷን ነው። የጋኑን አፍ መርገን የምንዘጋው ለዚሁ ነው። እኔ ከመመሪያው ወረቀት አንብቤ ያልገባኝ ነገር በዚያች አንዲት ቃል ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃውን የማየው እንደ ጋን ነው፤ ጥያቄዬም ጋኑ የሚያደርገውን ያደርጋል ወይ የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው ጥመቃ በጣም ቀላል ነበር። ሽሮፑን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ፣ 1 ኪሎ ስኳር ጨመርኩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ 23 ሊትር ሞላሁ፣ እርሾውን ነሰነስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተጠጣ። ለመስቀል አልደረሰም፣ ግን ጥቅምት አጋማሽ ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ ቀመሰው። ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ስኳሩ የሚሰማ ቢራ ነበር። ለጀማሪ በሽሮፕ መጀመር ጥሩ ነው እላለሁ። ስለ ብቅል ሳትጨነቁ ንጽህናና ሙቀት ላይ ብቻ ታተኩራላችሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ቡና ቤት የምንጠጣው ቢራ በአብዛኛው ላገር የሚባለው ዓይነት ነው። እርሾው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ብርድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ያንን ጣዕም በዚህ ባልዲ ያለ ፍሪጅ አታገኙትም። ይህ ዕቃ የሚስማማው ኤል ለሚባለው ነው፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ለሚወደው እርሾ።

ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደረጃ ሥር ያለችው ዕቃ ቤታችን 20 እና 21 ዲግሪ ላይ ነበረች። ምንም ማቀዝቀዣ አላስፈለገም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ባልዲውን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልኩት፤ ቀስ አለ እንጂ አልቆመም።

ችግሩ የካቲት ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 26 ዲግሪ ይደርስ ነበር። እርሾው ራሱ ሲሠራ ደግሞ ሙቀት ያወጣል። የተለጠፈው ቴርሞሜትር 29 አሳየኝ። ያ ቢራ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያዘ። እንደነገሩ ነበር ያልኩት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ወራት ባልዲውን ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሳፋው ላይ ውሃ እሞላለሁ፣ ባልዲውን በፎጣ እጠቀልላለሁ፣ የፎጣው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይገባል። ፎጣው ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ሲደርቅ ባልዲውን ያቀዘቅዘዋል። 3 እና 4 ዲግሪ ያወርድልኛል። ይህን ያገኘሁት ካርቶኑ ውስጥ አይደለም፤ የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሳስብ ነው የመጣልኝ።

አሁን ስለ ቧንቧው። የዚህ ዕቃ ትልቁ ድክመት እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ በጣም ወደድኩት። ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ቧንቧውን ትከፍታላችሁ፣ ጠርሙስ ትሞላላችሁ። ግን አምስተኛው ጥመቃ ኮመጠጠ። እርሾው ያው፣ ውሃው ያው፣ አጠባዬ ያው። ምክንያቱ ጠፋኝ። እናቴ አንድ ብርጭቆ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ትታ አፍንጫዋን ወደ ቧንቧው አፍ ወሰደች። «ልጄ፣ ቆሻሻው እዚህ ነው» አለች። ፈትቼ አየሁት። ቧንቧው ሁለት የፕላስቲክ ክፍሎች አሉት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር። በሁለቱ መሀል ቡናማ ልጋግ ተጋግሮ ነበር። አራት ጥመቃ ሙሉ ከውጭ ሳጥብ ከርሜ ውስጡን አንድም ቀን አላየሁትም። መመሪያው ላይም ፍቱት የሚል አልነበረም። 20 ሊትር ደፋሁ።

እናቴ ጋን ስታጥብ በግራዋ ቅጠል አሽታ አሽታ፣ አለቅልቃ፣ በወይራ ታጥናለች። ጋን ቧንቧ የለውም። እጅ የማይገባበት ቦታ የለውም። ይህን ልዩነት ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

አሁን ከእያንዳንዱ ጥመቃ በኋላ ቧንቧውን ፈትቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ። ከጥመቃ በፊት ደግሞ በጣም በቀጠነ በረኪና ዘፍዝፌ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ። በረኪና ከቀረበት ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ስለዚህ ማለቅለቁ ላይ አትቸኩሉ። ጥር ላይ ደግሞ የቧንቧው ጎማ ላልቶ ጠዋት ስነሳ ወለሉ ረጥቦ፣ 4 ሊትር ያህል ፈስሶ አገኘሁ። ጎማውን ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ቀየርኩት። እንደገና ብገዛ ግን ያለ ቀዳዳ ባልዲ ነው የምገዛው። ቢራውን በንጹህ ቀጭን ጎማ መሳብ ይቻላል።

ባልዲው ራሱ ጠንካራ ነው። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በሽቦ አይታጠብ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ በድስት ሽቦ ተፈትጎ ውስጡ ተጫረ። ጭረት ውስጥ የገባ ቆሻሻ አይወጣም። ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ። ሁለተኛ፣ ፕላስቲክ ሽታ ይይዛል። አንድ ጊዜ ጌሾ ከገባበት በኋላ ባልዲዬ እስከ ዛሬ ጌሾ ይሸታል።

ሁለተኛው የደፋሁት ሦስተኛው ጥመቃ ነው። እሱ የዕቃው ጥፋት አልነበረም፣ የእኔ ንባብ ጉድለት ነው። ኤርሎኩ ብልቅ ብልቅ ማለቱን በአራተኛው ቀን አቆመ። አልቆ ነው ብዬ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። አላለቀም ነበር። ክዳኑ አንድ ጎኑ በደንብ ስላልገጠመ ጋዙ በዚያ በኩል ነበር የሚወጣው። በሳምንቱ ሌሊት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ ፈነዳ። ሰው አልነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ብርጭቆው እስከ ሳጥኑ ጣሪያ ተሰክቶ ነበር። የቀሩትን ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጌ አንድ በአንድ ከፍቼ ደፋሁ።

ስለዚህ ኤርሎክ ምርጊት ነው፣ መለኪያ አይደለም። መለኪያው ሃይድሮሜትሩ ነው። ስትጀምሩ 1.048 አካባቢ ያነባል። ሲያልቅ 1.010 አካባቢ ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት 5 በመቶ ያህል አልኮል ማለት ነው። ወሳኙ ግን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ቁጥሩ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ያ ሳይሆን ጠርሙስ አትንኩ። እኔ ያንን ቢራ የከደንኩት 1.020 ላይ ሆኖ ነው። ሃይድሮሜትሩ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። የእኔ በአራተኛው ወር ተሰበረ፣ ሌላ በሰው እጅ እስኪመጣ 6 ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት አስመጡ።

ስለ ጠርሙስ በአጭሩ። ቡናማ የቢራ ጠርሙስ በሳጥን ሰብስቡ፤ ብርሃን የሆፕሱን ጣዕም ያበላሻል። 20 ሊትር ቢራ 60 ጠርሙስ ይሞላል። ስለዚህ 100 ቆርኪ ለሁለት ጥመቃ እንኳ አይበቃም። ጋዝ እንዲይዝ ለእያንዳንዱ ሊትር 6 ግራም ስኳር በቂ ነው። ቆርኪ መግጠሚያው እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሽሮፑ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የእኔ የሆነው። አሰላም ደብረ ብርሃንም የብቅል ፋብሪካ አለ፣ እኔ ግን ለአንድ ጊዜ የምፈልገው 5 ኪሎ ነው። ሐሙስ ቀን ሂርማታ ገበያ ገብስ ገዛሁና እናቴ አበቀለችልኝ። ዘፈዘፈችው፣ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው፣ ሲበቅል ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለጠላ ብቅል ጥቂት ነው የሚገባው፤ ለቢራ ግን እህሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ብቅል ነው። በዚያ ብዛት ስትጠየቅ ገርሟት ነበር።

የተከካውን ብቅል 66 ዲግሪ ባለው ውሃ ለ1 ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው። ሙቀቱ ብዙ ከበለጠ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ይሞታል። ትልቅ ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቆየሁት፣ በንጹህ ጨርቅ አጠለልኩት። አተላው ለጎረቤት ላም ሄደ። ከዚያ ማፍላት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። በዚህ ምክንያት የሆፕሱ ምሬት ቀስ ብሎ ይወጣል። መጻሕፍት 60 ደቂቃ ሲሉ እኔ 80 አፈላለሁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በቡታጋዝ ነው የማፈላው።

ሆፕስ ግን ከባዱ ነገር ነው። በሰው እጅ ነው የሚመጣው፣ ፍሪዘር ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ መዓዛው ይሞታል። ስለዚህ ሰባተኛውን በጌሾ ሞከርኩት። ለ20 ሊትር 150 ግራም ደረቅ ቅጠል አፈላሁ። ምሬቱ ከሆፕስ ይለያል፣ ከምላስ ቶሎ አይለቅም፣ መዓዛውም የአበባ ሳይሆን የእንጨት ነው። ቢራ ነው ወይስ ጠላ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። አልኮመጠጠም፣ ደረቆት ስለሌለው ጥቁረት የለውም። እናቴ አንድ ብርጭቆ ጨረሰች። ሁለተኛ ስቀዳላት አልከለከለችኝም። ከ9ኙ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ አልኮል አይጠጡም። ለእነሱ ቀሪቦ እንሠራለን። እሱን በዚህ ባልዲ አልሠራም። ቢራ ነክቶት የማያውቅ የራሱ ባልዲና የራሱ ማማሰያ አለው። ዕቃውን ስትገዙ ይህንንም አስቡበት።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ባልዲ ያለ ቧንቧ፣ ኤርሎክ፣ ሁለት ሃይድሮሜትር፣ ቆርኪ መግጠሚያ፣ ብዙ ቆርኪ፣ ጥቂት ፓኮ የኤል እርሾ። እርሾው ደረቅ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንድ ባለ 11.5 ግራም ፓኮ ለ20 ሊትር ይበቃል። ሽሮፑን ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ብቻ አስመጡ። ሙሉ ካርቶን መግዛት አያስፈልግም። ድስቱ፣ ሳፋው፣ መጥለያው ቤታችን አለ።

ዘጠነኛው አሁን ደረጃው ሥር ነው፣ እርጥብ ፎጣ ለብሶ። ግማሽ ጌሾ፣ ግማሽ ሆፕስ አድርጌበታለሁ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ 1.014 አንብቤያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ገበያ ከመውጣቴ በፊት እንደገና እለካዋለሁ።