ፈረሰኛዋ ተፈጭታ የቀረበችበት ምሳ፣ ጎንደር ፒያሳ

አባቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ድግስ ይሸሻል። እጁ ቀስ በቀስ ተመልሶለታል፤ መዋጥ ግን አሁንም ይቸግረዋል። ደረቅ ነገር ያንቀዋል። ውኃና ሻይ ደግሞ ቀጭን ስለሆኑ ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ይወርዱና ወደ አየር ቧንቧው ይገባሉ፤ ከዚያ ሳል ነው፣ ሲከፋም የሳንባ ምች። ስለዚህ የሚበላው ሁሉ ተፈጭቶ፣ የሚጠጣው ሁሉ ወፍሮ ነው። ቤት ውስጥ ለምደነዋል። ሰው በተሰበሰበበት ግን «በልቼ ነው የመጣሁት» እያለ ጥግ ይይዛል። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ ወጡን፣ አትክልቱንና እንጀራውን አንድ ላይ ፈጭተው፣ ቀለሙ የማይለይ ነገር በፕላስቲክ ሳህን አመጡለት። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ተወው። አልፈረድሁበትም።

ለጥምቀት የመጡ ዘመዶቻችን ከመመለሳቸው በፊት፣ እሁድ ምሳ ዘጠኝ ሆነን የበላንባት ቤት ከፋሲል ግቢ በእግር ብዙ አትርቅም። ባለቤቷ የቤቷን ስም እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፤ ወጥ ቤቷ ጠባብ ነው፣ እንዲህ ያለውን ምግብ በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው በላይ ማሰናዳት አትችልም። ይሁን እንጂ እርሷ ያደረገችውን ማንኛውም ሽሮና ዶሮ ወጥ የሚሠራ፣ የጁስ መፍጫ ያለው ቤት ሊያደርገው ስለሚችል መጻፌን አልተውሁም።

ሐሙስ ዕለት ደውዬ ነገርኋት። መጀመሪያ ያለችኝ «ገንፎ ላገንፋላቸው?» ነበር። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ገንፎ ለስላሳ ቢመስልም ይጣበቃል፤ ላንቃና ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ነው። ቅንጬም ፍሬ አለው። ቁርጥራጭ ያለበት ሾርባ ከሁሉም ይከፋል፣ ቀጭኑና ደረቁ አንድ ላይ ስለሚመጣ። ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ አዳመጠችና «ታዲያ እናንተ ምን ትበላላችሁ?» አለች። ዶሮ ወጥ፣ ዱባ ወጥና ጎመን አልኋት። «እንግዲያው እርሳቸውም ዶሮ ወጥ፣ ዱባ ወጥና ጎመን ነዋ!» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስሁ።

እሁድ ቀድሜ ደርሼ ወጥ ቤት አስገባችኝ። ለምግብና ለመጠጥ ልስላሴ ከ0 እስከ 7 የሚቆጠር ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ የአባቴ 4ኛው ደረጃ ነው። ለመፈተን ማንኪያና ሹካ ይበቃሉ። ማንኪያው ሲዘነበል ምግቡ ሳይጣበቅ በአንድ ላይ ሸርተት ብሎ መውደቅ አለበት፤ ሹካ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል እየተንጠባጠበ መውረድ የለበትም። ዱባው በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። ጎመኑ ክር ነበረው፤ እንደገና ፈጭታ በወንፊት አሳለፈችው። ዶሮውን አጥንቱን አውጥታ ከእንቁላሉና ከራሱ ቁሌት ጋር ፈጨችው፤ ውኃ አልጨመረችም። ጣዕሙን ያተረፈው ይህ ይመስለኛል፤ ውኃ በርበሬውንም ኮረሪማውንም ያደበዝዘዋል። ቁሌቱ ድሮም ሽንኩርቱ እስኪጠፋ የበሰለ ስለሆነ ለመፍጨት አላስቸገረም። እንጀራውን ደግሞ በመረቅ አርሳ ለብቻው ፈጨችው።

አቀራረቧን ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ሦስቱን ሳይደባልቁ በሦስት ትንንሽ ጣባ አድርገው፣ እኛ በምንበላበት ትሪ ላይ፣ እንጀራው መካከል አስቀመጡት። ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። ባለቤቷ ራሷ ጎንበስ ብላ፣ «ከ12ቱ ብልት የርስዎ ፈረሰኛዋ ናት፤ እርሷን ነው የፈጨሁልዎት አባባ» አለችው። አባቴ ቀና ብሎ አያት። በቤታችን ፈረሰኛዋን ሌላ ሰው በልቷት አያውቅም፤ ከታመመ ወዲህ ግን ማንም ሳይነካት ትመለስ ነበር።

እቴቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እንደ ልማዷ እንጀራ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ሁላችንም ደነገጥን። ወንድሜ የሻይ ማንኪያ አቀበላትና ከጣባው በማንኪያ ጫፍ ቀንሳ አጎረሰችው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ስታነሣ አባቴ መዳፉን ዘርግቶ አስቆማት፤ የመጀመሪያውን እስኪውጥ ጠበቀችው። ከዚያ ሁለተኛውን ተቀበለ። ያንን ምሳ ከሌላው ሰው እኩል አርባ ደቂቃ ያህል በላ።

ያልወደድሁትንም ልናገር። አስተናጋጁ ልጅ «ምን ይጠጣሉ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው፣ አባቴ ፊቱ ተቀምጦ። አባቴ መናገር አልተሳነውም። የተፈጨ ምግብ ቶሎ ይቀዘቅዛልና ጣባዎቹን በሙቅ ውኃ አሙቀው ቢያመጡ ይሻል ነበር። ተጨማሪ ብለው ያመጡት ሽሮም እየቀዘቀዘ ጠጥሮ መጣበቅ ስለጀመረ መለስሁት፤ ባለቤቷ ሳትከፋ በትኩስ መረቅ አላልታ አመጣችው። መግቢያው ላይ ያሉት አራት ደረጃዎች መደገፊያ የላቸውም። ሙዚቃው ጮክ ያለ ነበር፤ የሚውጥ ሰው ሐሳቡ እንዲበተን አይፈለግም፣ ስንጠይቃቸው ቀነሱት።

ለመፍጨቱ ተጨማሪ ገንዘብ አላስከፈሉንም። በጾም ቀን ብንመጣ እልበት እንደምትሠራለት ነግራናለች፤ እልበት በደንብ ከተመታ በራሱ ልስልስ ነው። ለእርሱ ግን እንደማንኛውም አዲስ ምግብ በማንኪያና በሹካ ሳልፈትነው አላቀርብለትም።

ቡናው ሲፈላ ወንድሜ ከውጭ ያመጣውን ማወፈሪያ ዱቄት፣ ሐኪሙ በነገረን መጠን፣ አቦሉ ላይ በጠበጥሁለት። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበትና ወንበር የሚጠብቁ ሰዎች በር ላይ ቆመው ሳለ መነሣት አልቻልንም። ባለቤቷ ሁለት በርጩማ አውጥታ ለቆሙት በረንዳው ላይ ቡና አቀረበችላቸው፤ ለእኛ ደግሞ ቶናውን አስቀዳችልን።