የእንጨት ትራክ ወይስ የፕላስቲክ? ሰሜን ሸዋ ላይ ጌም ቤት ለሚከፍት ሰው

ደብረ ብርሃን ላይ ጌም ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የታወቀው ነው፦ ፑል፣ ጆተኒ፣ ፕሌይስቴሽን። ሦስቱም ያዋጣሉ። ችግሩ ጎረቤትም እነሱኑ ይዟል። የተለየ ነገር የሚፈልግ ሰው ስሎት ካር የሚባለውን የመኪና ውድድር ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

መኪናዋ ትንሽ ናት፣ በኤሌክትሪክ ትሄዳለች። ከሆዷ ሥር የወጣች ምላስ ትራኩ ላይ ባለ ቀጭን ቦይ ውስጥ ትገባለች። ከቦዩ ግራና ቀኝ ኃይል የሚያደርሱ ሁለት የብረት መስመሮች አሉ። ተጫዋቹ መሪ አያዞርም። እጁ ላይ ያለው ነዳጅ መስጫ ብቻ ነው። ሲጨምቀው ትሮጣለች፣ ሲለቀው ትቀዘቅዛለች። ኩርባ ላይ ካልለቀቀላት ከቦዩ ወጥታ ትገለበጣለች። ጨዋታው በሙሉ ይኸው ነው። አራት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ሲፎካከር ግን ተራውን ለሌላ መልቀቅ ያቅታል።

ለገዢ ዋናው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ እንጨት ሠራተኛ የሚሠራው ትልቅ ጠረጴዛ ነው። ሌላው በካርቶን የሚመጣውና እየተገጣጠመ የሚዘረጋው የፕላስቲክ ትራክ ነው። እኔ ሁለቱን የማወዳድረው በሁለት ጥያቄ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ይደሰታል ወይ? ሲበላሽስ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚጠግነው አለ? ፍጥነቱና ውበቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከድሮዎቹ አዳራሾች ምን እንማር?

የኤሌክትሪክ መጫወቻ መኪና የቆየ ነገር ነው። የአሜሪካው ላዮኔል እ.ኤ.አ. በ1912 ይሸጥ ነበር። ዛሬ የምናውቀው መልክ የመጣው ግን በ1957 ነው። ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል እንግሊዛዊ በሚጠመዘዝ ሞላ (ስፕሪንግ) ይሄዱ የነበሩ የቆርቆሮ መኪኖቹን በኤሌክትሪክ ሞተር ቀየራቸውና ስኬሌክስትሪክ ብሎ አወጣቸው። የመጀመሪያዎቹ ትራኮቹ የጎማ ነበሩ። የጀርመኑ ካሬራ በ1963 ተከተለ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ገበያ ላይ አሉ።

ነገሩ ትልቅ ንግድ የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ለስሎት ካር ብቻ የተከፈቱ አዳራሾች በየከተማው ነበሩ። ትራኩ የእንጨት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8 መስመር። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቀለም አለው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። ደንበኛው የሚከፍለው በጊዜ ነው። መኪና የሌለው ይከራያል፣ ያለው የራሱን በሳጥን ይዞ ይመጣል። ከትራኮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ኪንግ የሚባለው ነው። አንድ ዙሩ 155 ጫማ ነው፣ 47 ሜትር ገደማ። ዛሬም ይወዳደሩበታል። ፈጣኖቹ መኪኖች ዙሩን ከ2 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል። ሲሰላ በሰዓት ከ85 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያውም ከስንዝር ብዙም በማትበልጥ መኪና!

ያ ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። 1960ዎቹ ሲያልቁ አብዛኞቹ አዳራሾች ተዘግተው ነበር። በአንዴ ብዙ ተከፈተ፣ ዕቃውም ከገዢው በላይ ተመረተ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ለእኛ ገዢ በጣም አስፈላጊ ነው። መኪኖቹ በየጊዜው ፈጠኑ። ልምድ ያለው ብዙ አውጥቶ ፈጣን መኪና ሲያመጣ አዲስ ገቢው ዙር መጨረስ አቃተው። ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን ከወለል ሲለቅም ይውላል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም። ስለዚህ «ትልቁንና ፈጣኑን ነው የምፈልገው» ለሚል ሰው መልሴ አይሆንም ነው። ለጀማሪ ከተማ ባለ 4 መስመር ይበቃል፣ ዘገም ያለ መኪና ይሻላል።

የእንጨቱ

የእንጨት ትራክ ትልቁ ጥቅሙ እዚሁ መሠራቱ ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራ ወርክሾፕ ሁሉ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ያውቃል። አንዱ ጣውላ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲገጠሙ 3.66 በ2.44 ሜትር ጠረጴዛ ይሆናል። ይህ ከመንገድ ዳር ሱቅ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ተጫዋች የሚቆምበት ቦታም ይተርፋል። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቦዩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። በቀጭን ጣውላ ላይ ከተሠራ ከሥሩ የሚተርፈው ስስ ስለሚሆን በክርን ሲደገፉበት ይሰነጠቃል። በመስመሮቹ መካከል 10 ሴንቲሜትር ይተው። ከቦዩ ግራና ቀኝ የተጎነጎነ ቀጭን የመዳብ ገመድ ይለጠፋል። ኃይሉ በሱ ይሄዳል።

መዳቡ ሲላቀቅ ማስቲሽ ነው መድኃኒቱ። ቀለሙ ሲላጥ ብሩሽ። ጣውላው ሲቆረጠም ስቱኮ። ሽቦው ሲበጠስ ሬዲዮ ጠጋኙ ይበይደዋል። አዲስ አበባ መመላለስ የለም። እኔን ወደ እንጨቱ የሚያደላኝ ዋናው ነገር ይህ ነው።

ድካሙም አለ። የመደብር መኪኖች ከሥራቸው ማግኔት አላቸው። ማግኔቱ የፕላስቲክ ትራኩን የብረት ሃዲድ ስለሚስብ መኪናዋ ኩርባ ላይ ትጣበቃለች። መዳብን ግን ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ እንጨቱ ላይ መኪናዋ ትንሸራተታለች፣ ጭራዋን እየወረወረች ትታጠፋለች። ለለመደ ሰው እውነተኛው ደስታ ይህ ነው። ለጀማሪ ግን መከራ ነው። መፍትሔው ቮልት መቀነስ ነው። ቮልቱ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ግዙ። ለጀማሪ 8 ወይም 9 ቮልት፣ ለለመደ 12። በዚህ አንድ ቁልፍ የአሜሪካኖቹን አዳራሾች ከጎዳው ነገር ትድናላችሁ። ማግኔት የሚስበው የገመድ ዓይነትም ይሸጣል፣ ግን ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል።

ሌላው ነገር የእንጨት ትራክ ቅርጹ አይቀየርም። አንዴ የተቆረጠ ኩርባ ለዘላለም ያው ኩርባ ነው። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት በካርቶን ላይ ሥላችሁ በደንብ አስቡበት። ቀላሉ ሞላላ ዙር ተንኮል አለበት፦ የውስጠኛው መስመር ያጥራል፣ እሱን የያዘ ያሸንፋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። በድልድይ የሚሻገር የስምንት ቁጥር (8) ቅርጽ የመስመሮቹን ርዝመት ያቀራርበዋል። ያም ባይሆን ተጫዋቾቹ መስመር እየተቀያየሩ በየተራ ይሩጡ። ትልልቅ ውድድሮችም የሚካሄዱት እንዲህ ነው።

የፕላስቲኩ

የፕላስቲክ ትራክ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። የመኪናውን ማለቴ አይደለም፤ ሥራ የመጀመሩን ፍጥነት ነው። ካርቶኑን ከፍታችሁ በአንድ ከሰዓት ትዘረጉታላችሁ። ሲሰለች ታፈርሱና ሌላ ቅርጽ ትሠራላችሁ። ቤት ብትቀይሩ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በአውቶብስ ይሄዳል። እንጨቱ ኤሱዙ ይፈልጋል። ለጀማሪውም ማግኔቱ ስለሚያግዘው የመጀመሪያው ዙር ሳይወድቅ ያልፋል። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በደንብ ይመልሳል።

ከፕላስቲኮቹ መካከል ለጌም ቤት የማስበው ሁለቱን ነው። ስኬሌክስትሪክ 1 ለ32 መጠን ነው፣ ከእውነተኛዋ መኪና በርዝመት 32 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፤ መኪናዋ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ባለ ሁለት መስመሩ ትራክ 15.6 ሴንቲሜትር ይሰፋል። የካሬራ ትልቁ ትራክ 19.8 ሴንቲሜትር ነው። በሱ ላይ 1 ለ32ም 1 ለ24ም ይሄዳል። ቦታ ካለ ካሬራውን እመርጣለሁ። መኪኖቹ ጎን ለጎን ሲያልፉ አይጋጩም፣ ሃዲዱም የማይዝግ ብረት ነው። የስኬሌክስትሪኩ ይዝጋል። ደብረ ብርሃን ክረምት ላይ ጭጋጉ ቤት ውስጥ ሲገባ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሬራ ጎ የሚባለው ትንሹ፣ 1 ለ43 መጠን ያለው፣ ለቤት ልጆች ጥሩ ስጦታ ነው። ለጌም ቤት ግን አይበረክትም። ከዚያም የሚያንሱት 1 ለ64ዎቹ ዕቃቸው ረቂቅ ስለሆነ አቧራ ይገላቸዋል።

የፕላስቲክ ድካሙ መገጣጠሚያው ነው። በየ35 ሴንቲሜትሩ ገደማ መጋጠሚያ አለ። ሰው ሲደገፍበት ይላላል፣ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፣ መኪናዋ ከመነሻው ርቃ ስትሄድ ትንፏቀቃለች። ስለዚህ ወለል ላይ አይዘርጉት። ጠረጴዛ ላይ ይታሰር፣ በሁለት ወይም በሦስት ቦታም ተጨማሪ ሽቦ ይሳብለት። የተሰበረ ቁራጭ ሲኖር ደግሞ ያንኑ ዓይነት ከውጭ ማስመጣት ነው።

ዲጂታሉስ?

አዲሶቹ ትራኮች ዲጂታል ናቸው። እያንዳንዷ መኪና ቺፕ አላት። በሁለት መስመር ላይ እስከ 6 መኪና ይሮጣል፣ ቁልፍ ተጭኖ ከመስመር ወደ መስመር መዝለል ይቻላል። ዙር የሚቆጥር የስልክ አፕ ያላቸውም አሉ። ማየቱ ያጓጓል። ለጌም ቤት ግን በመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም። ቺፑ ሲቃጠል እዚህ የሚጠግነው አታገኙም፣ መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ተራው ትራክ ላይ ግን ሞተር፣ ሽቦና ከምላሷ ሥር ሆነው ኃይል የሚቀበሉ ሁለት የመዳብ ብሩሾች ብቻ ናቸው ያሉት።

መብራት

መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽኑ ይቆማል። ስሎት ካር ግን መቆም የለበትም። የድሮዎቹ አዳራሾች ኃይሉ እንዳይዋዥቅ ትራካቸውን በመኪና ባትሪ ያንቀሳቅሱ ነበር። ለእኛ ይህ ወርቅ ነው። ተራ 1 ለ32 መኪና ስትሮጥ ከ1 አምፔር በታች ነው የምትወስደው። አራቱ አብረው ከ4 አምፔር አያልፉም። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ 7 ሰዓት ያጫውታል። በየመስመሩ ፊውዝ ይግባ፤ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ሽቦ ያቃጥላል። ቻርጅ ሲደረግ አየር የሚገባበት ቦታ ይቀመጥ። ይህ ለእንጨቱም ለተራው ፕላስቲክም ይሠራል። ዲጂታሉ የራሱን አዳፕተር ይፈልጋል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካዘዛችሁ አዳፕተሩን አስቀድሞ ያንብብላችሁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚለው ደኅና ነው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ደብረ ብርሃን ላይ የራሱ ወይም ውሉ የረዘመ ቤት ያለው ሰው እንጨቱን ያሠራ። ባለ 4 መስመር፣ በባትሪ፣ ቮልቱ የሚስተካከል። ጣውላው ከላይም ከሥርም ቦዩም ሳይቀር ቀለም ይቀባ፤ ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ቦዩም ይጠባል። ቤቱ የኪራይ ሆኖ ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው የካሬራን ተራ ትራክ ይያዝ። ሸዋ ሮቢትም ቢሆን ፕላስቲክ ይሠራል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ግን አይሁን፣ በሙቀት ይለጠጣልና መጋጠሚያው ይነሣል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ያለ ሰው ከመለዋወጫ የበለጠ ስለሚርቅ ያለ ጥርጥር እንጨቱን ይያዝ። ለቤት ልጆች ብቻ የሚገዛ ወላጅ ካሬራ ጎ ይበቃዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ በጋ ላይ አቧራው ጎማ ላይ ይለጠፍና መኪናው ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት ትራኩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጎማዎቹን ስኮች ላይ አንከባሉ። የመጀመሪያውን ዕቃ ስታዝዙ መለዋወጫውን አብራችሁ እዘዙ፦ ምላስ፣ ከምላሱ ሥር ያለው የመዳብ ብሩሽ፣ የኋላ ጎማ። ቶሎ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው። መኪናም ለ4 መስመር 8 ይኑራችሁ፤ አራቱ ሲሮጡ አራቱ ይጠገናሉ።